ከማሕፀን ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ስቃይን ማስታገስ፤ የጠንካራ ማስታገሻዎች ታሪክና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች

መግቢያ

የሕክምና ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው የተሸነፈው በሽታና ከሞት የዳነው ሰው ቍጥር ነው። በበሽታውና በመዳኑ መካከል ያለፈው የስቃይ ሌሊት ግን በመዝገብ ላይ እምብዛም አይሰፍርም። ከዚህም የተነሣ ሕመምን የማስታገስ ታሪክ የሐኪሞች ብቻ ጉዳይ መስሎ ሲታይ ኖሯል። ይሁን እንጂ ነገሩ በጥሞና ሲመረመር፣ ማስታገሻ መድኃኒት ለሕመምተኛዋ መድረስ አለመድረሱን ከሚወስኑት ምክንያቶች ብዙዎቹ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ውጭ የሚገኙ ናቸው። እነርሱም ትምህርት፣ የመድኃኒት አቅርቦት፣ ሕግ፣ መዝገብና ቋንቋ ናቸው። እነዚህ ደግሞ መምህራንንና ፕላን አውጪዎችን በቀጥታ የሚመለከቱ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ በሴቶች የመራቢያ አካላት ላይ በሚደርስ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሰዎች የሚሰጡት ጠንካራ ማስታገሻዎች ከየት እንደ መጡ፣ እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ ጥቅማቸውና ጉዳታቸው ምን እንደ ሆነ፣ በአገራችን ምን ዓይነት ውሳኔ እንደ ተሰጠባቸው፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ ላሉት ከተሞች፣ ማለትም ለጊንጪ፣ ለአምቦ፣ ለጉደር፣ ለጌዶ፣ ለኢጃጂና ለባኮ ምን ትርጉም እንዳላቸው ለማሳየት ተሞክሯል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ማደንዘዣና ማስታገሻ

በ1809 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት ዳንቪል በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ኢፍሬም ማክዶዌል የተባለ ሐኪም ጄን ቶድ ክሮፎርድ ከተባለች ሴት ሆድ ውስጥ ከ10 ኪሎ ግራም ያላነሰ የእንቁላል ዕጢ እብጠት አወጣ። በዚያን ጊዜ ማደንዘዣ አልነበረም። ሴቲቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ በፈረስ ተጕዛ ከመጣች በኋላ፣ ሆዷ ሲቀደድ ነቅታ መዝሙረ ዳዊት ትደግም እንደ ነበር ይነገራል። ከቀዶ ሕክምናውም ድና ከ30 ዓመት በላይ ኖራለች። ይህ ታሪክ በሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሰው ለሐኪሙ ድፍረት ነው። የሴቲቱ ጽናት ግን ከዚያ ያላነሰ ማስረጃ ነው፤ ሕመምን የሚያስቀር ነገር ባልነበረበት ዘመን ቀዶ ሕክምና የሚቻለው ሕመምተኛዋ ስቃዩን በሙሉ ለመሸከም ፈቃደኛ ስትሆን ብቻ ነበር።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ1846 በቦስተን ከተማ የኢተር ማደንዘዣ በአደባባይ ከታየና በሚቀጥለው ዓመት ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን በኤዲንብራ ክሎሮፎርምን ከሞከረ በኋላ ነው። ሕመምተኛዋ ካንቀላፋች ሐኪሙ የሚቸኩልበት ምክንያት ቀረ። ረጅምና ጥልቅ ቀዶ ሕክምና የሚቻል ሆነ። በ1898 በቪየና ኤርንስት ቬርትሃይም የማሕፀን ጫፍ ካንሰርን ለማስወገድ ማሕፀንን ከዙሪያው ሥጋና ከንፍፊት ዕጢዎች ጋር የሚያወጣበትን ዘዴ መሥራት ጀመረ። ይህም ዘዴ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ማደንዘዣ ሥራውን የሚፈጽመው በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ኃይሉ ያልቃል። ቁስሉ ግን ይቀራል፤ ሕመሙም ከሁሉ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ከአንድ እስከ ሦስት ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው እየሰፋና እየጠለቀ በሄደ መጠን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስቃይም አብሮ ጨመረ። ያልታገሠ ሕመም ደግሞ ከስቃይ በላይ ጉዳት ያስከትላል። የሆድ ቁስል ያላት ሴት ሕመም ፈርታ በጥልቀት ካልተነፈሰችና ካልሳለች የሳንባ ምች ሊይዛት ይችላል፤ ከአልጋ ካልተነሣች ደም በእግሯ ሥር ሊረጋ ይችላል። በተለይም ካንሰር ያለባት ሴት ለደም መርጋት የተጋለጠች ናት። እንግዲህ ማስታገሻ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕክምናው አካል ነው ማለት ነው።

2. ጠንካራ ማስታገሻዎች ሲነጻጸሩ

የጠንካራ ማስታገሻዎች ሁሉ አባት ከአንድ የአበባ ተክል ፍሬ የሚወጣ ነጭ ወተት፣ ማለትም አፍዮን ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ፍሪድሪኽ ሰርቱርነር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የፋርማሲ ረዳት ከአፍዮን ውስጥ ሕመም የሚያስታግሠውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣና በግሪኮች የሕልም አምላክ ስም ሞርፊን የሚባለውን ስያሜ አስገኘ። በ1853 የመርፌ መሣሪያ በስኮትላንድና በፈረንሳይ ሲሠራ ሞርፊን በቀጥታ ወደ ሰውነት ለመግባት ቻለ። ከዚህ በኋላ በየዘመኑ ሌሎች መድኃኒቶች ተከተሉ። የእያንዳንዳቸው ጠባይ እንደሚከተለው በአጭሩ ሊታይ ይችላል።

ሀ. ሞርፊን። በመርፌም በአፍም ይሰጣል። በአፍ ሲሰጥ ከፊሉ በጉበት ውስጥ ስለሚጠፋ፣ በመርፌ ከሚሰጠው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያህል ያስፈልጋል። ኃይሉ 4 ሰዓት ያህል ይቈያል። ዋጋው ርካሽ ሲሆን በዱቄት መልክ መጥቶ በውሃ ተበጥብጦ ሊሰጥ ይችላል። ጉዳቱ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ ማሳከክ፣ ማንቀላፋትና መጠኑ ሲበዛ ትንፋሽን ማዳከም ነው። ለትንፋሽ መዳከም ናሎክሶን የተባለ ማርከሻ አለው።

ለ. ፔቲዲን። በ1939 በጀርመን አገር ለሌላ ዓላማ ሲመራመሩ የተገኘ ነው። ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም ፔቲዲን ከ10 ሚሊ ግራም ሞርፊን ጋር በኃይል ይመጣጠናል። ኃይሉ የሚቈየው ግን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ ኖርፔቲዲን የተባለ ነገር ይወጣዋል። ይህም በቀላሉ ከሰውነት ስለማይወጣ፣ መድኃኒቱ ለተከታታይ ቀናት ሲሰጥ እየተጠራቀመ መንቀጥቀጥንና እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍን ያመጣል። በዚህ ምክንያት ለካንሰር ሕመም የሚመከር መድኃኒት መሆኑ ቀርቷል።

ሐ. ፈንታኒል። በ1960 ገደማ በቤልጅግ በፖል ያንሰን የተሠራ ሲሆን ኃይሉ ከሞርፊን ከ80 እስከ 100 እጥፍ ይገመታል። ቶሎ ይሠራል፤ ቶሎም ያልቃል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እጅግ ጠቃሚ ነው። በመኝታ ክፍል ግን የቅርብ ጠባቂና መሣሪያ ይፈልጋል።

መ. ኮዴይን። በ1832 በፈረንሳዊው ፒየር ዣን ሮቢኬ ከአፍዮን ተለይቶ ወጣ። ራሱ ደካማ ነው፤ የሚሠራው በጉበት ውስጥ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው።

ሠ. ትራማዶል። በ1962 በጀርመን ተሠርቶ በ1977 ለገበያ ቀረበ። መካከለኛ ሕመምን ያስታግሣል። በቀን ከ400 ሚሊ ግራም በላይ መስጠት አይፈቀድም፤ መጠኑ ሲያልፍ መንዘፍዘፍን ሊያመጣ ይችላል። እንደ ኮዴይን ሁሉ ሥራው በጉበት ውስጥ በሚደረግ ለውጥ ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህን ማነጻጸሪያ ከሰዓት ጋር አያይዞ ማየት ይጠቅማል። ፔቲዲን በየ8 ሰዓቱ ይሰጥ ተብሎ ቢታዘዝና የአንዱ መርፌ ኃይል 3 ሰዓት ቢቈይ፣ ሕመምተኛዋ በ24 ሰዓት ውስጥ ማስታገሻ የምታገኘው ለ9 ሰዓት ብቻ ነው። የቀሩት 15 ሰዓቶች ባዶ ናቸው። ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ቢሰጥ ግን ስድስቱ መጠኖች ቀኑንና ሌሊቱን በሙሉ ይሸፍናሉ። ይህ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ነገር ግን የመድኃኒት ማዘዣው የሚጻፍበት ልማድ ከሒሳቡ ጋር ላይገጥም ይችላል። «ሲያማት ይሰጣት» ተብሎ የታዘዘ መድኃኒትም ሕመምተኛዋ አፍ አውጥታ እስክትጠይቅ ድረስ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

በሴቶች የመራቢያ አካላት ካንሰር ላይ አንድ ሌላ ነገር መታከል አለበት። የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ወደ ጎን ሲሰፋ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱትን የሽንት ቱቦዎች ይጫናል። በዚህም ኩላሊት ይደክማል። የሞርፊን ውጤቶች የሚወጡት በኩላሊት ስለ ሆነ፣ ኩላሊቷ በደከመባት ሴት ላይ ይጠራቀማሉ፤ መጠኑን መቀነስና የሚሰጥበትን ሰዓት ማራራቅ ግድ ይሆናል። ፔቲዲን ከዚህ የባሰ ነው። ፈንታኒል ግን በዚህ ሁኔታ የተሻለ ነው። ሕመምን ለማገዝ የሚሰጠው ዲክሎፌናክም ኩላሊትን ስለሚጎዳ በጥንቃቄ መያዝ ይገባዋል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የኩላሊት ምርመራ ውጤት ሳይታይ ሊመለስ አይችልም።

ከ1979 ወዲህ ደግሞ ሌላ መንገድ ተከፍቷል። ይኸውም እጅግ ጥቂት ሞርፊን፣ ከአንድ ሚሊ ግራም አሥረኛ እስከ አምስተኛ የሚሆን፣ በአከርካሪ ውስጥ ከማደንዘዣው ጋር አብሮ መስጠት ነው። ይህ አንድ መርፌ እስከ 18 ወይም 24 ሰዓት ድረስ ያስታግሣል። ሕመምተኛዋ ቁልፍ ተጭና ራሷ መድኃኒት የምትወስድበት መሣሪያም በ1960ዎቹ መጨረሻ ተሞክሮ በበለጸጉት አገሮች ተስፋፍቷል። መሣሪያው ውድ ሲሆን በአከርካሪ የሚሰጠው ሞርፊን ግን ዋጋው ጥቂት ነው። የሚፈልገው የሠለጠነ ማደንዘዣ ሰጪና፣ ትንፋሽ ዘግይቶ ሊደክም ስለሚችል፣ በየሰዓቱ ትንፋሽ የምትቈጥር ነቅታ የምታድር ነርስ ነው። እንግዲህ በዚህ ዘዴ ረገድ ድኻ አገር ከሀብታም አገር የሚለየው በመሣሪያ ሳይሆን በሰው ነው።

3. በኢትዮጵያ የተጓዘበት መንገድ

በአገራችን ዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ሥር መስደድ የጀመረው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 የመጣው የሩሲያ የቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ካከመና የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከተቋቋመ በኋላ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተመሠረቱ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የአገሪቱ ዋና የማስተማሪያ ሆስፒታል ሆነ። የካንሰር ጨረር ሕክምና በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚሁ ሆስፒታል ሲጀመር ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ማእከል ሆኖ ቈይቷል። በ2011 የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ሥራውን ጀመረ። ከመዝገቡም በሴቶች ላይ ከሚደርሱት ካንሰሮች የጡትና የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ቀዳሚውን ቦታ እንደሚይዙ ታየ።

የማስታገሻዎቹ ጉዞ ግን ከሆስፒታሎቹ ጉዞ የተለየ ነበር። እነዚህ መድኃኒቶች በ1961 በወጣው የአደንዛዥ መድኃኒቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር የሚተዳደሩ ናቸው። ስምምነቱ ሁለት ዓላማ አለው። አንደኛው አላግባብ መጠቀምን መከላከል ነው። ሁለተኛው ሕመምን ለማስታገስ የእነዚህ መድኃኒቶች አስፈላጊነት የማይተካ ስለ ሆነ በበቂ መጠን እንዲገኙ ማድረግ ነው። በብዙ አገሮች የመጀመሪያው ዓላማ ሲጠበቅ ሁለተኛው ተረሳ። ውጤቱ በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የቀረበው የኮሚሽን ጥናት ላይ ታይቷል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚከፋፈለው ከ298 ቶን የሚበልጥ በሞርፊን የተሰላ ጠንካራ ማስታገሻ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 የካንሰር ሕመምን ስለ ማስታገስ ባወጣው መመሪያ የሦስት ደረጃ መሰላልን አቀረበ። በመጀመሪያው ደረጃ እንደ ፓራሲታሞል ያሉ፣ በሁለተኛው ደካማዎቹ ኮዴይንና መሰሎቹ፣ በሦስተኛው ሞርፊን ይሰጣሉ። መድኃኒቱ በተቻለ መጠን በአፍና ሰዓት ተጠብቆ እንዲሰጥም አዘዘ። በኢትዮጵያ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት በ2003 በአዲስ አበባ ተመሥርቶ ሕመምተኞችን በየቤታቸው መጐብኘት ጀመረ። ለ2016 እስከ 2020 የወጣው ብሔራዊ የካንሰር መቈጣጠሪያ ፕላንም ሕመምን ማስታገስን ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ያዘ።

4. የኮዴይን ጉዳይ፤ አገር በራሷ ማስረጃ የወሰነችበት

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያ የተለየ ቦታ የሚሰጠው አንድ ምዕራፍ አለ። ከላይ እንደ ተጠቀሰው ኮዴይን የሚሠራው በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ኤንዛይም በሰው ሁሉ ዘንድ እኩል አይደለም። በአንዳንድ ሰዎች ፈጽሞ አይሠራም፤ ለእነርሱ ኮዴይን እንደ ውሃ ነው። በሌሎች ደግሞ ጂኑ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆኖ ስለሚገኝ እጅግ በፍጥነት ይሠራል፤ ለእነርሱ የተለመደው መጠን ብዙ ሞርፊን ሆኖ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል።

በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ዕሌኒ አክሊሉና የስዊድን ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶ 29 ያህሉ የተደራረበ ጂን ያላቸው ሆነው ተገኙ። በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ዘንድ ይህ ቍጥር ከመቶ 1 ወይም 2 ብቻ ነው። የዚሁ ቡድን ተከታይ ጥናት በኢትዮጵያና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በማነጻጸር፣ የኤንዛይሙን ሥራ ጂን ብቻ ሳይሆን የኑሮ አካባቢም እንደሚለውጠው አሳይቷል። በ2013 የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ቁጥጥር ቶንሲል ለወጣላቸው ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ ከከለከለ በኋላ፣ በ2015 የኢትዮጵያ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ኮዴይን በአገሪቱ እንዳይሠራበት አገደ።

ይህ ውሳኔ በሁለት በኩል ትምህርት አለው። በአንድ በኩል፣ ለሌላ ሕዝብ የተጻፈ መመሪያ ለእኛ ሕዝብ እንዳለ ላይስማማ እንደሚችልና የራስን ሕዝብ ማጥናት ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ ያሳያል። በሌላ በኩል ግን ጥያቄ ትቶ አልፏል። ኮዴይን ሲወጣ የመሰላሉ ሁለተኛ ደረጃ ለትራማዶል ብቻ ቀረ። ትራማዶል ደግሞ የሚለወጠው በዚያው ኤንዛይም ነው። ስለዚህ ለአንዷ ሕመምተኛ የማይሠራ፣ ለሌላዋ ከመጠን በላይ የሚሠራበት ዕድል አሁንም አለ። ሞርፊን ግን ይህን ኤንዛይም አይፈልግም። በ2016 የጣሊያን ሐኪሞች መካከለኛ የካንሰር ሕመም ባላቸው 240 ሰዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ጥቂት መጠን ያለው ሞርፊን ከደካማዎቹ ማስታገሻዎች የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ ማስረጃዎች የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ሁለተኛውን ደረጃ በጥቂት ሞርፊን መተካት ከሌላው አገር የበለጠ ምክንያት አለው። ይህ የሚሆነው ግን ሞርፊኑ በየሆስፒታሉ ሲገኝ ብቻ ነው።

5. ከአዲስ አበባ እስከ ባኮ

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በቀድሞ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ፍል ውሃዋን ፍለጋ ሕመምተኞች ከሩቅ ይመጡባት ስለ ነበር፣ ከሕመም ዕረፍት መሻት ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ የሪፈራል ሆስፒታል ያለው ዩኒቨርሲቲ አላት። ከአምቦ ወደ ምዕራብ ጉደር፣ ከዚያም ጌዶ፣ ኢጃጂና ባኮ ይከተላሉ።

ለካንሰር የሚደረግ ሰፊ የማሕፀን ቀዶ ሕክምና ልዩ ሐኪም የሚፈልግ በመሆኑ ብዙዎቹ ሕመምተኞች ወደ አዲስ አበባ ይላካሉ። ቀዶ ሕክምናው በመልካም ተፈጽሞ፣ ሴቲቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አገሯ በአውቶቡስ ትመለሳለች እንበል። ቁስሏ ገና አልጠነከረም። መንገዱ ያናውጣል። ቤቷ የሚገኘው ከጌዶ ወይም ከባኮ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። በትልቁ ሆስፒታል ሞርፊን ስትወስድ የቈየች ሴት በአገሯ ጤና ጣቢያ የምታገኘው ፓራሲታሞል ብቻ ከሆነ፣ ሕክምናው ከመንገዱ መካከል ተቈርጧል ማለት ነው። ካንሰሩ ሊወጣ በማይችልበት ደረጃ የደረሰባት ሴት ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ ለእርሷ ሕመምን ማስታገስ የቀረላት ዋናው ሕክምና ነው።

ስለዚህ ፕላን አውጪው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «በአዲስ አበባ ምን መድኃኒት አለ?» የሚለው ብቻ አይደለም። በመንገዱ መጨረሻ ላይ ባለው ሆስፒታል ማን ሊያዝዘው ይችላል? ማዘዣ ወረቀቱ አለ? መድኃኒቱ ሲያልቅ በስንት ቀን ይተካል? ማርከሻው ናሎክሶን አብሮ ይገኛል? የሚሉት ናቸው። የኡጋንዳ ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኡጋንዳ በ1993 ሞርፊንን በዱቄት አስመጥታ በውሃ በመበጥበጥ በአፍ መስጠት ጀመረች፤ በ2004 ደግሞ በልዩ ትምህርት የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዝዙት በሕግ ፈቀደች። ልዩ መሣሪያም ሆነ ውድ መድኃኒት አላስፈለጋትም። ያስፈለጋት ሥልጠና፣ ሕግና መዝገብ ነበር።

6. ሕመምን በቃል መግለጽ

ሕመም በሙቀት መለኪያ አይለካም። የሚለካው በሕመምተኛዋ ቃል ነው። ሐኪሞች ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቍጥር ሕመሟን እንድትገልጽ ይጠይቋታል። ፊደል ላልቈጠረች እናት ግን ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከዚህም በላይ የቋንቋ ችግር አለ። በአማርኛ «ሕመም» የሚለው ቃል በሽታንም ስቃይንም ያመለክታል። በኦሮምኛም «ዱኩቢ» የሚለው ቃል እንዲሁ ለሁለቱም ያገለግላል። ነርሷ «ያምሻል?» ብላ ስትጠይቅ ሕመምተኛዋ ስለ በሽታዋ የተጠየቀች መስሏት «ድኛለሁ፣ ተመስገን» ብላ ልትመልስ ትችላለች። ቃሉ ትክክል ነው፤ ስቃዩ ግን አልተጠየቀም። በዚህ ላይ የጤና ባለሙያው ትምህርቱን የተማረውም መዝገቡን የሚጽፈውም በእንግሊዝኛ መሆኑ ሲታከልበት፣ አንድ የስቃይ ቃል ከአፍ እስከ ወረቀት ሁለት ጊዜ ይተረጐማል።

ሆኖም ቋንቋዎቻችን በዚህ ረገድ ድኾች አይደሉም። ውጋት፣ ቁርጠት፣ ጥዝጣዜ፣ ማቃጠል፣ መንዘር የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው የተለየ ሕመም ያመለክታሉ። ልዩነቱም ለሕክምናው ይጠቅማል። ጥዝጣዜ ብዙውን ጊዜ የቁስል፣ ቁርጠት የሆድ ዕቃ፣ ማቃጠልና መንዘር የተነካ ነርቭ ሕመም ምልክት ነው። የነርቭ ሕመም ለሞርፊን እንደ ሌላው በቀላሉ ስለማይታዘዝ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። እነዚህን ቃላት በኦሮምኛና በአማርኛ ሰብስቦ ለነርሶች ማስተማር ወጪ የማይጠይቅ፣ ለቋንቋ መምህራንም የሚስማማ ሥራ ነው።

ሕመምን ችሎ ዝም ማለት በአገራችን የጨዋነት ምልክት ሆኖ ኖሯል። በተለይም የሴቶች ሕመም ከማሕፀን ጋር ሲያያዝ ዝምታው ይበረታል። ነገር ግን አበው ራሳቸው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ይህ ምሳሌ ለስቃይም ይሠራል።

7. ስለ ሱስ ፍርሃት

ብዙ ቤተሰቦችና አንዳንድ ባለሙያዎች ሞርፊንን የሚሸሹት ሱስን በመፍራት ነው። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። በአሜሪካ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጠንካራ ማስታገሻዎች ለማንኛውም ሕመም ያለ ገደብ በመሰጠታቸው ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። በምዕራብ አፍሪካም ትራማዶል በወጣቶች መካከል አላግባብ ሲሠራበት ታይቷል። በትምህርት ቤት ውስጥ ወጣቶችን የሚያስተምር ሰው ይህን ችላ ሊል አይችልም።

ሆኖም ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ሰውነት ለመድኃኒት መለማመዱና በድንገት ሲቋረጥ መታወኩ አንድ ነገር ነው፤ መጠኑን ቀስ በቀስ በመቀነስ ይፈታል። ጉዳት እያየ መድኃኒቱን ከመሻት ያለመገታት፣ ማለትም ሱስ፣ ሌላ ነገር ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለጥቂት ቀናት በተመጠነ መንገድ ሞርፊን ለወሰደች ሴት የሁለተኛው አደጋ ጥቂት ነው። የአሜሪካም ሆነ የእኛ ችግር የሚፈታው በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ይኸውም በትክክለኛ መጠን፣ በተቈለፈ ሣጥን፣ በታመነ መዝገብና የተረፈውን መድኃኒት በመመለስ ነው። የበዛበትም የጎደለበትም አገር የጎደለው ሥርዓት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያመለክተው፣ ለማሕፀን ካንሰር ቀዶ ሕክምና የሚበቃ ማስታገሻ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ መኖሩን ነው። ሞርፊን ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በአከርካሪ መስጠቱ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚቀረው ሥራ በሚከተሉት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ በአምቦ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ማሠልጠኛዎች ለሚማሩ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የጤና መኰንኖችና ማደንዘዣ ሰጪዎች የሕመም ማስታገስ ትምህርት በየመድኃኒቱ ኃይልና ሰዓት፣ በኩላሊት ሁኔታና በማርከሻው አሰጣጥ ላይ ተመሥርቶ በተግባር እንዲሰጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የስቃይ መጠን እንደ ሙቀትና የደም ግፊት ሁሉ በየጊዜው ተጠይቆ በሰንጠረዥ ላይ እንዲመዘገብ፣ ጥያቄውም ሕመምተኛዋ በምትናገረው ቋንቋ እንዲሆን ማድረግ ይገባል። ሦስተኛ፣ በአፍ የሚሰጥ ሞርፊን አቅርቦት በሕመምተኛዋ መንገድ ላይ፣ ማለትም ከአዲስ አበባ እስከ ጌዶና ባኮ ድረስ ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ ፕላን መውጣት አለበት። አራተኛ፣ ፔቲዲንን ለተከታታይ ቀናት ከመስጠት መቈጠብና ትራማዶልንም በአገራችን ሰዎች ላይ ውጤቱ ሊለያይ እንደሚችል አውቆ በጥንቃቄ መያዝ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም መምህራንን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። የማሕፀን ጫፍ ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ በ1983 በጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን ከታወቀ በኋላ መከላከያ ክትባት ተሠርቶለታል። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2018 ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች በአብዛኛው በትምህርት ቤት አማካይነት መስጠት ጀምራለች። ክትባቱ የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ ልጃገረዶቹን የሚያስተባብረው፣ ወላጆችን የሚያስረዳው፣ ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉትንም ፈልጎ የሚያመጣው መምህሩ ነው። የዛሬዎቹ ሕመምተኞች ግን ክትባቱን ያላገኙት እናቶቻቸውና አያቶቻቸው ናቸው። ለልጆቹ መርፌው በትምህርት ቤት በር ላይ ከደረሰ፣ ለእናቶቹ ሞርፊኑ እስከ ባኮ የማይደርስበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።